ኪሴ የገባው ባልጩት

ይህ ጽሑፍ ኑዛዜ ነው። እኔ የቅርስ ሌባ ነኝ። የሰረቅሁት ነገር ከአውራ ጣቴ ጥፍር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጥቁር ነው፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ደግሞ ዛሬም ድረስ ጣት ይቆርጣል። በአማርኛ ባልጩት እንለዋለን። የወሰድኩት ከሞቼና ቦራጎ ዋሻ ነው። ያኔ የማደርገውን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ፤ መምህራችን ከአንድም ሦስት ጊዜ "ምንም ነገር እንዳትነኩ" ብለውን ነበርና።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ያችን ድንጋይ ለመመለስ ስሞክር ያየሁት ነገር ስለ አገራችን የቅርስ አጠባበቅ በክፍል ውስጥ ከተማርኩት ያላነሰ አስተምሮኛል። በበኩሌ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። አገር ቅርሷን የምትጠብቀው በአዋጅ ብቻ አይደለም። ከቅርሱ አጠገብ የሚኖረው ሰው "ይሄ የኔ ነው" ሲልና፣ ያገኘውን ይዞ ሲመጣ የሚቀበለው በር ሲያገኝ ነው። አዋጁ አለን። በሩ ላይ ግን ገና ብዙ ይቀረናል።

ጉዞ ወደ ዳሞታ

የተወለድኩት አረካ ነው። ከአረካ እስከ ወላይታ ሶዶ ያለው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሶዶ ስትገባ ከፊትህ የሚቆመው የዳሞታ ተራራ ነው። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ወደ ሶዶ ስንሄድ ዳሞታን የማውቀው ደመና ሲለብስ ዝናብ መምጣቱን የሚናገር ተራራ አድርጌ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር እንደሚደርስ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ እንደነበረ፣ በጎኑ ላይ ደግሞ የዓለም ተመራማሪዎች የሚያውቁት ዋሻ እንዳለ የሰማሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

አሰማሙም ያሳፍራል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለን "የአካባቢህን ቅርሶች ዘርዝረህ አብራራ" የሚል የቤት ሥራ ተሰጠን። እኔ ሆዬ አክሱምን፣ ላሊበላንና የፋሲል ግንብን በሦስት ገጽ አሳምሬ ጽፌ ሰጠሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ "አረካ ውስጥ አክሱም አለ እንዴ?" ብለው ጽፈውበታል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቄ ከአንገት በላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ስለ አካባቢዬ ምንም የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። "በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" የሚባለው ለኔ ነው።

ከዚያ ነው እንግዲህ ትምህርት ክፍላችን ወደ ሞቼና ቦራጎ የወሰደን። ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አፉ በጣም ሰፊ ነው፤ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። ከላይ ከገደሉ ጫፍ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። እኛ የደረስን ዕለት ዝናብ ስለነበር አንድ እረኛ ልጅ ላሞቹን አስጠግቶ ከዋሻው ስር ቆሟል። ልጁ እኛን ሲያይ ተገረመ። እኛ ደግሞ እሱን ስናይ ተገረምን። አሁን ሳስበው የሚገርመው የሱ መቆም ሳይሆን የኛ መገረም ነው። ሰው ከዝናብና ከብርድ ለመጠለል እዚያ ዋሻ ስር መቆም የጀመረው ከ50,000 ዓመት በፊት ነዋ!

ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። በዋሻው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና እስከ 2001 ድረስ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረዋል። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመራው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የአርኪዮሎጂ ፕሮጀክት ሰፊ ቁፋሮ አካሂዷል። የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ከባልጩት የተሠሩ ሲሆን፣ ባልጩቱም የመጣው በአብዛኛው ከሩቅ አገር ሳይሆን ከዚሁ ከአካባቢው ነው። ተመራማሪዎቹ ሊመልሱ የፈለጉት ጥያቄ ትልቅ ነው። በዚያ ዘመን የአፍሪካ የአየር ንብረት ቀዝቅዞና ደርቆ በቆላው መኖር ሲያስቸግር ሰው ወዴት ሄደ? ከመላ ምቶቹ አንዱ ዝናብ ወደማይጠፋበት ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ወጥቶ ተጠለለ የሚል ነው። በሌላ አነጋገር የኛ ዳሞታ የሰው ልጅ ክፉ ቀን ያሳለፈበት ቤት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

መምህራችን ይህን ሲያስረዱን እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። በዋሻው ጠርዝ ዝናብ ያጠበው አፈር ላይ አንድ ነገር አብለጨለጨ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና ኪሴ ከተትኩት። ማንም አላየኝም። ማታ ዶርም ውስጥ ለጓደኞቼ እያሳየሁ "50,000 ዓመት የሆነው ምላጭ!" እያልኩ ጉራዬን ነፋሁ። አንዱ ጓደኛዬማ ወረቀት ቆረጠበት።

ድንጋዩ ሳይሆን ቦታው

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአርኪዮሎጂ መግቢያ ትምህርት ላይ ስለ አፈር ድርብርብ ተማርን። መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር አሰመሩና እንዲህ አሉ፦ "ድንጋይ ዕድሜውን አይናገርም። ዕድሜውን የሚናገርለት አጠገቡ ያለው ከሰል፣ ከላዩና ከታቹ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከቦታው የተነሳ መሣሪያ አንደበቱ የተቆረጠ ምስክር ነው።" ያኔ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እኔ የወሰድኩት ድንጋይ ሳይሆን ምስክርነት ነው ለካ! ከ50,000 ዓመት በፊት ይሁን ከ5,000 ዓመት ወዲህ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም የት እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም በትክክል አላስታውስም። ዶርም ውስጥ የነፋሁት ጉራ እንኳ ማስረጃ የሌለው ሆኖ ቀረ።

በዚያው ሰሞን በክፍል ውስጥ ስለ አክሱም ሐውልት ክርክር ነበረን። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የወሰደው ሐውልት ከብዙ ዓመታት ሙግት በኋላ በ2005 ወደ አክሱም ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል። እንግሊዞች በ1868 ከመቅደላ የዘረፉት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ግን አብዛኛው ዛሬም በዚያው አገር ነው። በክርክሩ ላይ ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። "የተዘረፈ ቅርስ ይመለስ!" እያልኩ ጠረጴዛ ስመታ ባልጩቱ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብል ማጋነን ይመስላል፤ ግን ነገርዬው እውነት ነው።

አባባ ያሉት

ለፋሲካ እረፍት አረካ ስሄድ ባልጩቱን ለአያቴ አሳየኋቸው። አባባ ዕድሜያቸው ከ80 በላይ ነው። ድንጋዩን ተቀብለው በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱና ፈገግ አሉ። "ይሄንንማ እናውቀዋለን፤ ልጅ ሆነን ጠጉራችንን በዚህ ይላጩን ነበር" አሉኝ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና ቀጠሉ፦ "ቆዳ የሚፍቁት ሰዎችም ይዘውት ነበር። ከኛ በታች ሰፈር አንድ ሰውዬ ነበሩ። ቁርበት እንተኛለን የምንለው የሳቸውን ሥራ ነው። ግን አብረናቸው አንበላም ነበር።" የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ዓይናቸውን ከኔ አነሱ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በኮንሶና በጋሞ፣ የድንጋይ መፋቂያ እየሠሩ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሥራ ላይ ነበሩ። በኮንሶ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የዓለም ተመራማሪዎች የጥንት ሰው መሣሪያ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለመረዳት ከነዚህ ሰዎች እግር ስር ቁጭ ብለው ተምረዋል። እኛ ግን የድንጋዩን ሥራ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ስናየው "ቅርስ" እንላለን፣ በጎረቤታችን እጅ ስናየው ደግሞ ንቀን አብረን አንበላም። ሰውዬው ሞቱ። ሙያቸውንም ይዘው ሄዱ። አባባ ልጆቻቸው ዛሬ የት እንዳሉ አያውቁም። "ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም" ይባላል። እኛ ያቀለልነውን ማን ያክብርልን?

ሕጉ ምን ይላል?

እንደሚታወቀው አገራችን ስለ ቅርስ ሕግ ማውጣት የጀመረችው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 አዋጅ ቁጥር 229 ወጣ፤ በ1989 አዋጅ ቁጥር 36 ተከተለ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 209 ታወጀ። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር ክልክል ነው። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ቅርስ የሚሰርቅና የሚያጠፋ በእስራት ይቀጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶች በብሔራዊና በክልል ደረጃ እንዲመደቡ ያዛል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 91 የተፈጥሮ ሀብትንና ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው ይላል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ የዓለም ቅርስ ስምምነትን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እስከ 2024 ድረስም 12 ቦታዎቿ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እንግዲህ እኔም የዜግነት ግዴታዬን ልወጣ ብዬ ባልጩቱን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሰው ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት ሰው ድንጋዩን ገልበጥ አድርጎ አየና "ይሄማ ድንጋይ ነው ወንድሜ፤ መንገድ ላይ ሞልቷል" አለኝ። ከዋሻው መሆኑን ስነግረው "እሱን የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው" አለኝ። ሌላው ክፍል ደግሞ "ከኮሌጅህ ደብዳቤ አምጣ" አለኝ። ደብዳቤ ለማጻፍ ምክንያቱን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱን ከተናገርኩ ደግሞ መስረቄን አመንኩ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ቅን ሴትዮ "ልጄ፣ እኔ ብቀበልህ የት አስቀምጠዋለሁ? መሳቢያዬ ውስጥ ነው?" አሉኝ። የሳቸው መልስ ከሁሉ እውነተኛው ነበር። አዋጁ "ያገኘ ያሳውቅ" ይላል፤ ከዋሻው አጠገብ ያለ ገበሬ ሲያርስ አንድ ነገር ቢያገኝ ግን የሚያሳውቅበትን በር፣ የሚቀበለውን ሰውና የሚቀመጥበትን መደርደሪያ ማን አሳየው?

የአጆራ ነገር

ችግሩ የዋሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። አረካ አካባቢ ያደገ ሰው ሁሉ አጆራን ያውቃል። አጃንቾና ሶኬ የተባሉት ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ከገደል የሚወረወሩበት መንታ ፏፏቴ ነው። አዋጅ ቁጥር 209 ግን ቅርስ ሲል በዋናነት የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤትን ነው። ፏፏቴ ደግሞ ሰው አልሠራውም። ብሔራዊ ፓርክ ቢሆን የዱር እንስሳት ሕግ ያገኘው ነበር፤ ፓርክም አይደለም። ስለዚህ አጆራ ለቱሪዝም ሲሆን "መስህብ" ነው፣ ለውሃው ሲሆን የውሃ ጉዳይ ነው፣ ለዙሪያው መሬት ሲሆን የእርሻ ጉዳይ ነው። ሦስት አባት ያለው ልጅ ራቱን የሚበላው ማን ቤት ነው? ፏፏቴው ውሃ የሚያገኘው ከላይ ካለው ተፋሰስ ነው። የላዩ መሬት ከተራቆተ ገደሉ ይቀራል እንጂ ፏፏቴው በበጋ ይቀጥናል። ስለዚህ አጆራን መጠበቅ ማለት ከላይ ያለውን ገበሬ መደገፍ ማለት ነው።

ከሌሎች ምን እንማር?

"ሕዝቡ መሬት ጠቦት፣ ሥራ አጥቶ አንተ ስለ ድንጋይ ታወራለህ?" የሚል ጓደኛ አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። አንድ ቤተሰብ ከጓሮ እንሰትና ከጥቂት ጥማድ መሬት ሌላ የለውም። ለዚህ ቤተሰብ "እዚህ አትረስ፣ እዚህ አታግጥ" ብቻ ብንለው ቅርሱን ጠላቱ አደረግንበት ማለት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆነን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ዋልያው ቁጥሩ አሽቆልቁሎ፣ እርሻውና ግጦሹ ፓርኩ ውስጥ ዘልቆ ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። ከዚያ በፊት ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ፓርኩ ከዝርዝሩ መውጣቱ ደስ ይላል። ግን የደጋ ገበሬን ከነልጆቹ ከተማ ማስገባት ቀላል ዋጋ አይደለም። ጎረቤቱን ከመጀመሪያው የቅርሱ ባለቤት አድርጎ ድንበሩን አብሮ ማስመር ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ተቃራኒውን ደግሞ ኮንሶ ላይ እናገኛለን። የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ ሆኗል። እርከኑን ዘመናት ያቆየው ግን ዩኔስኮ አይደለም። ገበሬው ካቡ ሲፈርስ የሚጠግነው እህሉ እዚያ ላይ ስለሚበቅል ነው። ካልጠገነም የአገር ሽማግሌ ይጠይቀዋል። እዚያም ቢሆን ችግር አልጠፋም፤ ለጀግኖች መታሰቢያ የሚቆሙት የእንጨት ዋካዎች እየተሰረቁ ለሻጭ ይቀርቡ ነበር። የተያዙት ግን መግቢያ አላጡም፤ ካራት ከተማ ውስጥ ሙዚየም ተሠርቶላቸዋል። አያችሁ፣ በሩ ማለት ይህ ነው።

ታዋቂ መሆንም ብቻውን አያድንም። ላሊበላን ከዝናብ ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከሉት የብረት ከለላዎች ጊዜያዊ ይሆናሉ ተብለው ነበር። ሳይነሱ ዓመታት ሲቆጠሩ የከተማው ሕዝብ በ2018 አደባባይ ወጥቶ ስጋቱን ገለጸ። ከዚህ የምንረዳው የቅርስ ጥገና አንዴ ተሠርቶ የሚተው ሳይሆን ዕለት በዕለት የሚጠይቅ ተመልካች የሚፈልግ መሆኑን ነው። ተመልካቹም ከቦታው የማይርቀው ነዋሪ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ፒያሳና አካባቢው በኮሪደር ልማት ምክንያት አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ "የቱ ቤት ቅርስ ነው፣ የቱ አይደለም?" የሚል ክርክር ተነስቷል። እንዲህ ያለው ክርክር መደረግ ያለበት ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ስላልተመዘገበ ነገር መከራከር ከባድ ነውና።

አንድ ደስ የሚል ዜናም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአዲስ አበባ በስተደቡብ የሚገኙት መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ስሙን ልብ በሉት፤ ባልጪት ማለት ይኸው የኔ ባልጩት ነው! በዚያ አካባቢ የሰው ልጅ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ መሣሪያ ሲሠራበት የኖረ ድንጋይ የቦታው ስም ሆኖ የዓለም መዝገብ ውስጥ ገባ። መዝገብ ቤቱ "መንገድ ላይ ሞልቷል" ብሎ አልመለሰውም።

ምን ይደረግ?

ችግር መዘርዘር ብቻውን ዋጋ ስለሌለው የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየወረዳው ቢያንስ አንድ መቀበያ ይኑር። ሙዚየም አላልኩም። የሚቆለፍ ቁም ሳጥን፣ አንድ መዝገብና ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል። ገበሬው ያገኘውን ሲያመጣ ስሙ፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ፤ ፎቶ ይነሳ፤ ምስጋናም ይሰጠው። የሚፈራ ሳይሆን የሚመሰገን ከሆነ ሌላ ጊዜም ይመጣል።

ሁለተኛ፣ የቅርሶቻችን ወሰን መሬት ላይ ይመልከት። ወረቀት ላይ ያለ ወሰን ለእረኛ አይታይም። ወሰኑ ሲሰመርም ያ ዝናብ ያስጠጋው ልጅ ከብቱን የት እንደሚያስጠጋ አብሮ ይታሰብ። ልጁን ከማባረር ይልቅ ነገ አስጎብኚ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጠባቂ ማድረግ ይቻላል። ቦታውን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛ፣ ከዋሻው የተቆፈሩት ቅርሶች ለጥናትና ለጥበቃ አዲስ አበባ መቀመጣቸውን አልቃወምም፤ ሕጉም ጥንቃቄውም ይህን ይጠይቃል። ነገር ግን የሶዶ፣ የአረካና የቦዲቲ ተማሪ የአያቱን የእጅ ሥራ ለማየት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ የለበትም። የፎቶ ዐውደ ርዕይ፣ ቅጂ፣ በቀላል አማርኛና በወላይትኛ የተጻፈ አነስተኛ መጽሐፍ ወደ ቦታው ይመለስ። ክልላችን ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫው ወላይታ ሶዶ ሆኗል፤ መቀመጫውን እዚህ ላደረገ ክልል ይህ ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

አራተኛው ለራሳችን ነው። የኛ ትምህርት ክፍል በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ያሠራል። ስንቶቻችን ነን ስለ አድዋ ከመጽሐፍ ገልብጠን የምንመረቀው? አድዋ ክብራችን ነው፤ ግን ብዙ ጸሐፊ አለው። በየሰፈራችን ያሉት ሽማግሌዎችና ባለሙያዎች ግን ጸሐፊ የላቸውም። እያንዳንዳችን አንድ ሸክላ ሠሪ፣ አንድ ሸማኔ፣ አንድ ቆዳ ፋቂ ብንጠይቅና ብንጽፍ በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ትምህርት ክፍል ማንም የሌለው መዝገብ ይኖረዋል። እግረ መንገዳችንንም አብረን ቁጭ ብለን ምሳ እንበላለን። ይህ አባባ ያላደረጉት፣ እኛ ግን ማድረግ የምንችለው ነው።

ለማጠቃለል ያህል

ባልጩቱ አሁን የት እንዳለ ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። በመጨረሻ ለመምህራችን ሁሉንም ነገር ነግሬ ሰጠኋቸው። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ፖስታ አወጡና እንድጽፍበት ሰጡኝ። "ሞቼና ቦራጎ፣ የዋሻው ጠርዝ፣ ከአፈሩ ገጽ ላይ የተነሳ፣ ትክክለኛ ቦታው ያልታወቀ" ብዬ ጻፍኩ። "ማን እንዳነሳውም ጻፍ" አሉኝ። ስሜን ጻፍኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ እጄ ተንቀጥቅጧል። ሕጋዊ በሆነ መንገድ ለሚመለከተው አካል እስኪተላለፍ ድረስ ፖስታው በትምህርት ክፍላችን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ደብዳቤውም ተጽፏል።

ድንጋዩ ከእንግዲህ ስለ ጥንት ሰው ብዙ ሊነግረን አይችልም፤ ያንን ዕድል ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምናልባት ስለ ዛሬ ሰው ሊነግረን የሚችለው ነገር ግን አለ። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪዎች ወደ ዳሞታ ሲወጡ ከመሄዳቸው በፊት ፖስታው ይከፈትላቸውና ይዩት። ከዚያም ያ እረኛ ልጅ እዚያው ካለ፣ ከመምህራችን ቀጥሎ እሱ ያስጎብኛቸው። "ሳይቃጠል በቅጠል" ነውና ነገሩ ዛሬ ይጀመር።